ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም

ወደ ጋሸና በሚያወጣው ዳገት ላይ ተጎታች ያሰረ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሩቅ የሚለየው በጭሱ ነው። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦታል፤ ማርሹ ሁለተኛ ላይ ነው፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጥቁር ጭስ የኋላውን መንገድ ሸፍኖታል፤ መኪናው ግን በግድ ነው የሚንፏቀቀው። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሞተሩ አርጅቷል ይላል፤ ፖምፓው ይከፈትለትና ነዳጅ ይጨመርለት የሚልም አይጠፋም። በላስታ ደጋ ላይ ይህ ምክር የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ የጉልበት ችግርና የነዳጅ ብክነት ምንጫቸው አንድ ነው፤ እሱም የአየር እጥረት ነው።

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በራሱ ትንፋሽ የሚኖር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአገራችን የሚታወቀው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ የቶዮታ 1ኤችዜድ ሞተር በአዲስነቱ 130 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው። ላሊበላ ላይ ግን ዛሬ ከሣጥኑ ቢወጣ እንኳ ከ100 እምብዛም አያልፍም። እርጅና ከምንለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የከፍታው ነው። የድሮው መካኒካል ፖምፓ ነዳጅ የሚመጥነው በፔዳሉና በሞተሩ ዙር እንጂ በአየሩ መጠን አይደለም። ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ ደጋ ላይ ሲሠራ የሚያፈሰው ነዳጅ ለማቃጠያ አየር አያገኝም፤ በከፊል ተቃጥሎ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ጭሱ በገንዘብ የተገዛ ናፍታ ነው። ፖምፓውን መክፈት ደግሞ ጉልበት ሳይጨምር ጭሱን፣ የሞተሩን ሙቀትና የዘይቱን መጥቆር ያባብሳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ፖምፓውንና ኖዝሎቹን በመሞከሪያ ማሽን አስፈትሾ መኪናው ለሚውልበት ከፍታ ማስመጠን ነው። ነዳጁ ተቀንሶ መኪናው ወደ ሚሌና ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ይደክማል የሚል ሹፌር ትክክል ነው፤ በዚያ መስመር ላይ እውነተኛ ዋጋ ይከፈልበታል። በአንዳንድ ፖምፓዎች ላይ የአየር ግፊትን እያየ ነዳጁን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ አለ፤ ሽቅብና ቁልቁል የሚመላለስ መኪና ይህ መሣሪያ ካለው እንዲሠራ ማድረግ ይሻለዋል። ዓመቱን ሙሉ በላሊበላ፣ በኩልመስክና በጋሸና መካከል የሚውል መኪና ግን በቆላ ልክ የሚኖርበት ምክንያት የለም። ያለችው ጥቂት አየርም በአቧራ በተደፈነ ፊልትሮ መታነቅ የለባትም። የሚይዝ ፍሬንም እንዲሁ ጉልበት ይበላል፦ መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፎ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሥቶ በእጅ ማሽከርከር ነው። አንድ ዙር ሳይሞላ የሚቆም ጎማ ቀኑን ሙሉ ፍሬን ተይዞ እንደመንዳት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። 1,000 ኪሎ የሚመዝን ተጎታችን 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት፣ ሞተሩ ከናፍታው ጉልበት 30 በመቶውን ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ አንድ ሊትር የሚጠጋ ናፍታ ይፈልጋል። ይህ የመንገዱና የነፋሱ ድርሻ ሳይታሰብ ነው። በፖርቶ መጋላው ላይ ለወራት የተረሳ ዕቃ በየዳገቱ ከዚሁ ሒሳብ ድርሻውን ይወስዳል። ለማማር ተብሎ የሚገባ ትልቅ ጎማ ደግሞ ማርሹን ያከብደዋል፤ ተጎታች የሚጎትት መኪና የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር የቱርቦ ነው። ችግሩ አየር ከሆነ አየር የሚጨምር መሣሪያ ማስገጠም አይቀልም ወይ? አመክንዮው ትክክል ነው፤ ቱርቦ የከፍታን ጉዳት በእርግጥ ይክሳል። ነገር ግን 1ኤችዜድ ያለ ቱርቦ እንዲሠራ የተነደፈ ሞተር ነው፤ ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ 1ኤችዲ-ቲ የተባለ ሌላ ሞተር ሠራ። ተጎታች አስሮ ረጅም ዳገት መውጣት ደግሞ ሙቀቱ ፋታ የማይሰጥበት ሥራ ነው። በላሊበላ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ውሃ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ የተሰነጠቀበት፣ ራዲያተሩ በዝቃጭ የተሞላ መኪና ላይ ቱርቦ መግጠም ቴስታውን ለቃጠሎ ማዘጋጀት ነው። ማቀዝቀዣው ታድሶ፣ የቱርቦው ግፊት ዝቅ ተደርጎ፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ተገጥሞ ከሆነ ግን የሚያስኬድ ሥራ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ በእጅ ያለውን መኪና እንዲህ በጥንቃቄ ማቆየት ከቀድሞው የበለጠ ዋጋ አለው።

በቁልቁለት ማርሽን ዜሮ አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ልማድ ሰው የሚገድል ስሕተት ነው። መኪናው በማርሽ ሲወርድና እግር ከፔዳሉ ሲነሣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው፤ ፖምፓውም ነዳጁን ይዘጋል። በዜሮ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍታ እየጠጣ ይቆያል፤ የመኪናውና የተጎታቹ ክብደት ሁሉ ፍሬን ላይ ብቻ ይወድቃል። ፍሬኑ ሲግል መያዙን ይተዋል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ የወጣ መኪና ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ማርሽ ይውረድ፤ ተጎታቹ የራሱ ፍሬን ከሌለው ጭነቱ ከመነሻው ይቀነስ።