ክልላችን ቢለያይም ጎረቤትነታችን አልተለያየም

ወላይታ ሶዶ ውስጥ ስለ ክልል ጉዳይ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ነገር ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «እንግዲህ ሁሉም የየራሱን ይሥራ።» በዚህ አልስማማም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ወላይታ በደቡብ በኩል ከጋሞ ጋር ይዋሰናል፤ ሁለቱም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ናቸው። ሌላው ጎረቤታችን ሁሉ ግን ዛሬ በሌላ ክልል ነው። ኦሞን ሲሻገሩ ያለው ዳውሮ የደቡብ ምዕራብ ነው። ሀዲያና ከምባታ ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሄደዋል። ከብላቴ ወንዝ ማዶ ሲዳማ፣ በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ኦሮሚያ አለ። ከኦሮሚያ በቀር ሁሉም እስከ 2012 ዓ.ም. በአንድ የደቡብ ክልል ውስጥ ነበሩ።

ለምሳሌ ዝንጅብልን እናንሳ። ቦሎሶ ቦምቤ የእኛ፣ ሀዳሮ ጡንጦ የከምባታ ነው፤ በሁለቱም በኩል ገበሬው ዝንጅብል ሸጦ ልጅ አስተምሯል፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። በ2004 ዓ.ም. የአጠውልግ በሽታ ገባና የደቡብን ማሳ ጠራርጎ ወሰደው። በሽታውን ያየ አይረሳውም። ቅጠሉ ይጠቀለልና ቢጫ ይሆናል፣ አገዳው ሲነካ ከሥሩ ይገነጠላል፣ ዝንጅብሉን ቆርጠው ሲጫኑት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። የሚዛመተው በዘር፣ በጎርፍ፣ በዶማና በእግር ላይ በተጣበቀ አፈር ነው፤ አንዴ የገባበት መሬት ለዓመታት ዝንጅብል አያበቅልም። እንግዲህ የቦምቤ ገበሬ የታመመውን ነቅሎ ቢያቃጥል፣ ማሳውን ቢያሳርፍ፣ ከዚያ ዘሩን ከሀዳሮ ገበያ ሳያስመረምር ቢገዛ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ለሀዳሮውም ገበሬ እንደዚያው። ይህን በሽታ አንድ ዞን ብቻውን አይገታውም።

«አብሮ መሥራት ተሞክሮ ከሽፏል» የሚሉኝ ወጋጎዳን ያነሱብኛል። እውነት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ሲገባ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጽሐፉ ተሰበሰበ፣ በ1993 ዓ.ም. አራቱንም ይዞ የነበረው የሰሜን ኦሞ ዞን ራሱ ፈረሰ። እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ሕዝብ ሳይጠየቅ ቋንቋውና ማንነቱ እንዲዋሃድ መወሰኑ ላይ ነው። የዝንጅብል ዘር አብሮ ለመመርመር ማንም ቋንቋውን መተው የለበትም።

እዚሁ ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ የሆነውን ደግሞ እዩ። ተራቁቶ የነበረውን 2,728 ሄክታር መሬት ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከፋፍለው ያዙት። ከብት እንዳይገባ ከለከሉ፣ ሣሩን አጭደው ወደ ቤት ተሸከሙ፣ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን እየመለመሉ አሳደጉ። ደኑ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ ካርቦኑንም በዓለም ባንክ በኩል ሸጡ። እያንዳንዱ ማኅበር የድርሻውን ይጠብቃል፣ ለገበያ የቀረቡት ግን አንድ ሆነው ነው። አንድ ቀበሌ ብቻውን ያን ገዢ አያገኝም ነበር።

በርግጥ ሁምቦ አንድ ወረዳ ነው፤ በክልሎች መካከል ሲሆን ይከብዳል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ከፈሰሰው ደም በኋላ መተማመን በስብሰባና በመግለጫ ብቻ አይመለስም። ለዚህ ነው በትንሹና በሚጨበጠው እንጀምር የምለው። ከዝንጅብሉ ቀጥሎ የግልገል ጊቤ ሦስት ሐይቅ አለ። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ወላይታንና ዳውሮን ያገናኛል። በአንዱ ዳርቻ ጫጩት ዓሣ በጠባብ መረብ ከተጠረገ የሌላው ዳርቻ አስጋሪ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለ መረቡ ስፋት ለመስማማት የሁለት ወረዳ አስጋሪዎች መቀመጥ ይበቃቸዋል።

በቦምቤና በሀዳሮ ያላችሁ የግብርና ባለሙያዎችና የማኅበር ሊቀመንበሮች፣ ከመጋቢት ተከላ በፊት ተገናኙ። የዘር ገበያውን አብራችሁ ተቆጣጠሩ፤ የታመመ ማሳ ስትሰሙም በዚያው ቀን ተደዋወሉ። ይህን የምታነቡ ደግሞ በሁለቱም በኩል ለምታውቋቸው አድርሱልኝ።