የነፃ ትምህርት ዕድልና አካል ጉዳተኛው ተማሪ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ከክፍያ ነፃ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ከዚህም የተነሣ፣ ክፍያ በሌለበት ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ተጨማሪ የገንዘብ ድጋፍ መስጠት ምን ይረባል የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሣል። ጥያቄው የሚመነጨው የትምህርትን ወጪ ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር አንድ አድርጎ ከማየት ነው።

ለአብነት ያህል ማየት የተሳነው ተማሪ የሚጽፈው በስሌትና በስታይለስ፣ ጠንከር ባለ ወረቀት ላይ ነው። በአማርኛ ብሬል አብዛኛው ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይቶ በሁለት ምልክት ስለሚጻፍ፣ ዓይናማው ጓደኛው በአንድ ገጽ የሚጨርሰው ማስታወሻ ለእርሱ ብዙ ገጽ ይፈጃል። በብሬል ያልታተመውንም መጽሐፍ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። መስማት የተሳናት ልጅ ደግሞ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር በአቅራቢያዋ ካላገኘች፣ ከቤተሰቧ ርቃ ዘመድ ተጠግታ ወይም ቤት ተከራይታ መማር ግድ ይሆንባታል። እነዚህ ወጪዎች በማናቸውም የትምህርት ቤት ደረሰኝ ላይ አይታዩም።

ችግሩ ይበልጥ የሚከፋው በመሸጋገሪያው ጊዜ ነው። እንደ ሰበታ መርሐ ዕውራን ባለ አዳሪ ትምህርት ቤት ምግቡ፣ መኝታውና የብሬል መሣሪያው በአንድ ግቢ ይገኛል። ተማሪው ከዚያ ወጥቶ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲዛወር ግን ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት ሊቋረጥበት ይችላል። በቤት ኪራይ ምክንያት ትምህርቱን ቢተው፣ ለእርሱ የፈሰሰው የብዙ ዓመት ወጪና ድካም አብሮ ይባክናል። ስለሆነም ድጋፉ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ለተማሪው ተመድቦ፣ በተዛወረበት ሁሉ ሊከተለው ይገባል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 የሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ግለሰብ ፍላጎት ተገቢው ማመቻቸት እንዲደረግ ነው።

የአመራረጡም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ዕድሉ በዕድሜና በፈተና ውጤት ብቻ ከተመደበ፣ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረው ልጅ ከመነሻው ይወድቃል፤ የምልክት ቋንቋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው በትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውጤቱ የቋንቋውን እንጂ የአእምሮውን ልክ አያሳይም። ልጁ ከመጣበት ቀን አንሥቶ ምን ያህል እንደ ገፋ የሚያውቀው መምህሩ በመሆኑ፣ የማመልከቻው ቅጽ ለመምህሩ ምስክርነት ሰፊ ቦታ ሊተው ይገባል።

የተመራጮች ዝርዝር አዲሱ የበጀት ዓመት ከመግባቱ አስቀድሞ በሰኔ ካልተጠናቀቀ፣ ለመስከረም የታሰበው ገንዘብ የሚደርሰው በኅዳር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ልጁ የተከራየውን ክፍል ለቅቆ ወደ አገሩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል።