ተጨማሪ መረጃ፦ የቀድሞዎቹን ማንበብ ኢኮኖሚክስ ነው?
የፊዚክስ ተማሪ የኒውተንን መጽሐፍ ሳይገልጥ ይመረቃል፤ የኢኮኖሚክስ ሰው ታዲያ ሪካርዶን ምን ብሎ ያነባል? የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክን ሙያቸው ያደረጉ ምሁራንን ዕድሜ ልክ የሚከተላቸው ጥያቄ ይህ ነው። የካምብሪጁ ጣሊያናዊ ፒዬሮ ስራፋ መልሱን በሥራው የሰጠ ይመስለኛል። የዴቪድ ሪካርዶን ሥራዎች እንዲያሰናዳ ኃላፊነቱን የተረከበው በ1930 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች የወጡት ግን በ1951 ነው። መዘግየቱን ሁሉ በእሱ ማላከክ አይገባም፤ በ1943 ሪካርዶ ለጄምስ ሚል የጻፋቸው ደብዳቤዎች አየርላንድ ውስጥ ተገኝተው ሥራውን እንደገና አስከፍተውታል።

«ይህማ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው» የሚሉ አይጠፉም። ስራፋ ግን ከሪካርዶ ቀደምት ጽሑፎች አንድ ሐሳብ መዘዘ፦ በእርሻ ወጪውም ምርቱም እህል ከሆነ፣ የትርፉ ምጣኔ ያለ ዋጋ ይታወቃል። ለዘርና ለሠራተኛ ቀለብ 100 ኩንታል ወጥቶ 120 ከታፈሰ ትርፉ 20 በመቶ ነው (የመሬት ኪራዩ ለጊዜው ይቆየን)፤ የገበያውን ዋጋ መጠየቅ አያስፈልግም። ሸቀጡ ብዙ ዓይነት ሲሆን ስሌቱ ምን እንደሚመስል በ1960 ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ አሳየ፤ መጽሐፉም ካፒታል እንዴት ይለካል በሚለው ሙግት ከባድ መሣሪያ ሆነ። እርግጥ ነው፣ ይህ የሪካርዶ ትርጓሜ የታየው የራሱን ስሌት ከደረሰበት በኋላ መሆኑን ስራፋ ራሱ በአባሪው ገልጿል። ይህም ቢሆን ለተቺዎቹ አይጠቅምም፤ ቀማሪውና አንባቢው አንድ ሰው ባይሆኑ ኖሮ ያ የሪካርዶ መስመር ሳይስተዋል በቆየ ነበር።