“ጭንቅላትህ ውስጥ እጢ አለ” ሲባል፦ ስለ ሜኒንጂዮማ ማወቅ ያለባችሁ



ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመቂና ከባቱ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ “ዶክተር፣ ኤምአርአይ ተነስቼ ሜኒንጂዮማ ተባልኩ። ካንሰር ነው ወይ?”

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሜኒንጂዮማ የሚነሳው ከራሱ ከአንጎል ሳይሆን አንጎልን ከሸፈኑት ስስ ሽፋኖች ነው። ከ10ሩ 8ቱ ገደማ ቀስ ብለው የሚያድጉና ወደ ሌላ አካል የማይሰራጩ ናቸው። ሴቶች ላይ ይበዛል።

ታዲያ ምኑ ያስፈራል? ቦታው! የራስ ቅል አይለጠጥም፤ እጢው ሲያድግ የሚጫነው አንጎልን ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዓይን ነው። እጢው የዓይን ነርቭ አጠገብ ከሆነ እይታ ያለ ምንም ሕመም ቀስ በቀስ ይደክማል። ሰው መነጽር ይቀይራል፣ አሁንም ይቀይራል። ነርቩ በጣም ከተጎዳ በኋላ ቀዶ ሕክምናው ቢሳካም ብርሃን ላይመለስ ይችላል። መነጽር ያላስተካከለው እይታ ካላችሁ ሐኪሙ የዓይናችሁን ነርቭ እንዲያይላችሁ ጠይቁ።

እነዚህንም ችላ አትበሉ፦
• በአዋቂነት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ የሚጥል ሕመም
• እየባሰ የሚሄድ፣ ጠዋት ጠዋት ከማስታወክ ጋር የሚመጣ ራስ ምታት
• የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መድከም
• የጠባይ መለወጥ፣ ሽታ ማጣት

ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ምርመራው ግን አይቅር።

ሕክምናውስ? ትንሽ ሆኖ ምልክት ከሌለው በየጊዜው በኤምአርአይ መከታተል ይበቃል። ካደገ ወይም ምልክት ካመጣ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ሙሉ በሙሉ ማውጣት ካልተቻለ ወይም ዓይነቱ ኃይለኛ ከሆነ ጨረር ሊጨመር ይችላል። እጢውን አሟሙቶ የሚያጠፋ ክኒን የለም፤ “አለኝ” የሚላችሁን አትመኑ። በጥቁር አንበሳ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀምሯል፤ ቀዶ ሕክምናው ዛሬ እዚሁ አገራችን ይሠራል። የግድ ውጭ አገር መሄድ የለባችሁም።

ለእህቶቼ አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ትልቅ የፈረንሳይ ጥናት፣ የሦስት ወር መርፌን ከአንድ ዓመት በላይ በተጠቀሙ ሴቶች ላይ ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ሜኒንጂዮማ 5 እጥፍ ገደማ በዝቶ እንደተገኘ አሳይቷል። አትደንግጡ! በሽታው ከመነሻው ጥቂት ሴቶችን ብቻ የሚይዝ ስለሆነ 5 እጥፉም ጥቂት ነው። መርፌውን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ያልታሰበ እርግዝናም የራሱ አደጋ አለው። ለዓመታት የተጠቀማችሁ ከሆነ ባለሙያ አማክሩ። ሜኒንጂዮማ አለባችሁ ከተባለ ግን መርፌውን መጠቀማችሁን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ሌላ መከላከያ ይመርጥላችኋል። በዚያው ጥናት ሆርሞን ባለው ሉፕ ላይ ጭማሪ አልታየም።

መነጽር እየቀያየረ ለተቸገረ ወዳጃችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ጤናችሁ ይብዛ!