የአገርን ታሪክ ከደጃፍ መጀመር

(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር)



የሐዋሳ ተማሪ ስለ አክሱም ሐውልት፣ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ስለ ዐድዋም ድል ሲጠየቅ መልስ አያጣም። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ የቆመበት ሰፈር ስሙን ከየት እንዳገኘ፣ በቦታው ላይ አስቀድሞ ማን ይኖር እንደ ነበረ ቢጠየቅ ምናልባት ዝም ይል ይሆናል። ጥፋቱ የተማሪው አይደለም፤ እስከ ዛሬ ይህን የጠየቀው ሰው ስለሌለ ነው። የዛሬው ንግግራችንም ይህ ጥያቄ መጠየቅ እንደሚገባው፣ የመጠየቂያውም ጊዜ አጭር መሆኑን ለማስረዳት ነው።

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት፤ ምን ታሪክ አላት? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። የመጀመሪያው፣ ምድሪቱ ከከተማይቱ እጅግ የቀደመች መሆኗ ነው። የከተማው ቦታ ቀድሞ አዳሬ ይባል ነበር። ሐዋሳ የሚለውም ቃል የሐይቁን ስፋት የሚያመለክት የሲዳምኛ ቃል መሆኑ ይነገራል። ከዚሁ ወደ ደቡብ ተጉዘን ጌዴኦ ብንደርስ፣ ከጥንት ሰዎች እጅ የቀሩትን ትክል ድንጋዮች እናገኛለን፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ሁለተኛውና ዋናው መልስ ግን የከተማይቱ ወጣትነት ራሱ ነው። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ነው፤ ለመቆርቆሯም ስማቸው ከሚነሣ ሰዎች አንዱ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አገረ ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ናቸው። የአክሱምን ሐውልት ያቆመውን ሠራተኛ ዛሬ ጠይቆ ማወቅ አይቻልም። የሐዋሳ የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲሠሩ በልጅነት ያየ ሰው ግን ዛሬ የ70 ወይም የ80 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ በመካከላችን ይገኛል። ይህ ዕድል ለጥቂት ከተሞች ብቻ የተሰጠ ሲሆን፣ ለእኛም ቢሆን ብዙ ዘመን አይቆይልንም።

ዕድሉ እንዴት እንደሚያልፍ ከጎረቤታችን ከይርጋ ዓለም እንማር። ይርጋ ዓለም ከሐዋሳ በፊት የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ነበረች። በጠላት ወረራ ዘመን የሲዳሞ ገዥ የነበሩት ራስ ደስታ ዳምጠው በዚህ አካባቢ ሲዋጉ ቆይተው፣ ይርጋ ዓለም በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በቡታጅራ አጠገብ ተይዘው ተገደሉ። በዚያን ጊዜ የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር ዕድሜው 100 ዓመት ሊሞላ የተቃረበ ነው። ያን ቀን በዓይኑ ያየውን ሰው ማነጋገር እንግዲህ የማይቻል ሆኗል ለማለት ይቻላል። ስለ ሐዋሳ መቆርቆርም የምንጠይቃቸው ሰዎች ወደዚሁ በር እየተቃረቡ ናቸው።

ታዲያ መምህሩ ከየት ይጀምር? ከስሞች ይጀምር። የክፍለ ከተሞቻችን ስም መናኸሪያ፣ ባህል አዳራሽ፣ ሐይቅ ዳር፣ ታቦር፣ ሐዌላ ቱላ እያለ ይቀጥላል። አንዱ ስም ከተራራ፣ አንዱ ከውኃ፣ አንዱ ከአውቶቡስ ማረፊያ የተገኘ ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ በቆዩ ወረቀቶች ላይ «አዋሳ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ዛሬ «ሐዋሳ» ይባላል። ስለምን ተለወጠ? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የታሪክን ሥራ ጀምሯል።

ከስም ቀጥሎ ወደ ሽማግሌዎች መሄድ ያስፈልጋል። የሲዳማ ሕዝብ ለዚህ ሥራ የሚረዳ የራሱ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰማችሁን? ማለት ነው። የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ ፍርድ መስጠት የተገባ አይደለም። ታሪክ የሚሰበስብ ተማሪም እንዲሁ ያድርግ፤ አንዱ የነገረውን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው አቅርቦ ያመሳክር። ዘመንን ለመቁጠርም ዳራራ፣ ፉላሳ፣ ሒርቦራ፣ ዋዋሳና ሞጊሳ የሚባሉት የሉዋ ሥርዓት ምድቦች ተራቸውን እየጠበቁ ስለሚፈራረቁ፣ ሽማግሌው ነገሩ በየትኛው ሉዋ እንደ ሆነ ቢናገር ዓመቱን ለመገመት ይረዳል። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የፍቼ ጨምበላላ በዓልም በጉዱማሌ ሲከበር፣ ቀኑን ከዋክብትን ተመልክተው የሚወስኑት ሊቃውንት አያንቶዎች ናቸው። እነዚህን አዋቂዎች ከማነጋገር የበለጠ የታሪክ ትምህርት ከየት ይገኛል?

ነገር ግን የሁሉም ወገን ቃል ይሰማ። ከተማይቱ ስትመሠረት ከሌላ አገር መጥቶ የሰፈረው፣ በቦታው ከብቱን ያሰማራ የነበረውም፣ በሐይቁ ዓሣ ያጠመደውም፣ በገበያ የነገደችውም እናት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ትዝታ አላቸው። የአንዱን ብቻ የሚጽፍ የከተማዋን ግማሽ ታሪክ ጽፎ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ እኛ ወደ መንግሥት ሠራተኞች ይመለሳል። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» እስከ ዛሬ ለተመራማሪ ሁሉ የሚጠቅመው፣ የመንግሥትን ሥርዓትና መዝገብ ሰብስቦ ስላቆየ ነው። ደራሲውም የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። በየቢሮአችን ምድር ቤት አቧራ የለበሰው የመሬት መዝገብ፣ የማዘጋጃ ቤት ቃለ ጉባኤ፣ የትምህርት ቤት የስም ዝርዝር ለነገ ታሪክ ጸሐፊ ወርቅ ነው። ሐዋሳ የሲዳሞ ዋና ከተማ፣ ኋላም የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ሲቋቋም፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም የቀድሞው ክልል ወደ አዳዲስ ክልሎች ሲከፈል ብዙ መሥሪያ ቤት ተደራጅቷል። መሥሪያ ቤት በተከፈለና በተዛወረ ቁጥር ደግሞ ወረቀት ለመጥፋት ይጋለጣል። መዛግብትን የሚሰበስብና የሚጠብቅ ብሔራዊ ድርጅት በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 179 ተቋቁሟል፤ ይሁን እንጂ ሕጉን በተግባር የሚያውለው የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሠራተኛ ነው።

በሌላ አገርም ይህን መንገድ የተከተሉ አሉ። በጀርመን አገር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተማሪዎች የየአካባቢያቸውን ታሪክ መርምረው የሚወዳደሩበት በርእሰ ብሔሩ ስም የሚጠራ ውድድር አለ። በእኛም አገር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ይገኛል፤ ሐዋሳም የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት። ስለዚህ የሚመራ አልጠፋም። ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና የመምህሩ ፈቃድ ነው። ተማሪው የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና ቀኑን ይጻፍ፤ መምህሩ ይመልከተው፤ አንዱ ቅጅ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ።

ውድ አድማጮቻችን፤ አበው በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። እንግዲህ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ቢሮአችሁ መጥቶ አንድ የቆየ መዝገብ ለማየት ቢጠይቃችሁ፣ ሥራ እንደሚያስፈታ እንግዳ አትዩት። ሕግ በሚፈቅደው መጠን መዝገቡን አውጥታችሁ፣ ወንበር ሰጥታችሁ አስተናግዱት።