አንድ ስም፣ ሁለት ዋጋ

ነቀምቴ ላይ ላፕቶፕ ሊገዛ የወጣ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስም ነው፤ «ዴል አለ? ኤች ፒስ?» ስሙ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ውዱን ኤሊትቡክም ርካሹን ፓቪሊዮንም የሚያወጣው ያው ኤች ፒ ነው። የዴል ላቲትዩድና ኢንስፓይሮንም እንዲሁ። ፊተኞቹ ለመሥሪያ ቤት፣ ኋለኞቹ ለቤት ተብለው የተሠሩ ናቸው።

ክዳኑ የሚታጠፍበትን ማጠፊያ ልብ ብለው ይዩት። በብዙ ርካሽ ላፕቶፖች የማጠፊያው ብሎን የሚገባው ፕላስቲኩ ውስጥ በተቀበሩ ትንንሽ የነሐስ ቀለበቶች ላይ ነው። ማጠፊያው እየጠበቀ ሲሄድ፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ቀለበቶቹ ፕላስቲኩን እየሰነጠቁ ይነቀላሉ፤ በመጨረሻም ስክሪኑ ይላቀቃል። በመሥሪያ ቤቱ ዓይነት ግን ብሎኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ላይ ነው። ገንዘቡ የገባው ዓይን በማያየው ቦታ ነው።

ውስጡም ይለያያል። በጣም ርካሹ ላይ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይገኛል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይጠይቃል! በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ግን ራም የሚጨመርበት ሁለት ቦታና ሁለት ባትሪ አለው፤ መብራት ቢጠፋ የኋላውን ባትሪ ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል።

የአፕል ዋጋ ሌላ ምክንያት አለው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮሰሰሩን ራሱ ይነድፋል፤ ባትሪው ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ማክ የሚያወጣም ሌላ ድርጅት የለም። ነገር ግን የማክቡክ ኤር ራምና ማከማቻ አይቀየሩም። ስለዚህ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ሆኖ ለሚሠራበት ሰው እኔ አልመክርም።

የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ አዲስ ሲሸጥ ዋጋው ውስጥ ሌላም ነገር አለ፦ ሲበላሽ ቢሮ ድረስ የሚመጣ ባለሙያ። ይህ አገልግሎት ነቀምቴ ይደርሳል ማለት ያስቸግራል። የውጭ ኩባንያዎች ግን ላፕቶፑን ሦስት አራት ዓመት ተጠቅመው ይሸጡታል፤ ብዙው በዱባይ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያም በአምቦና በባኮ መንገድ ወደ ወለጋ ይወርዳል። የአገልግሎቱ ዋጋ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማግኒዚየሙ ግን አብሮ ይመጣል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለተዳከመ፣ በተመሳሳይ ገንዘብ ከአዲስ ርካሽ ይልቅ ጥሩ ያገለገለ መግዛት ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ነገር ግን ይጣራ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11ን እንዲቀበል ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይሁን። ሁለተኛው ባትሪው ነው። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያሉ። ሻጩ ፊትዎ ያውጣው፤ ግማሹ ካለቀ የአዲስ ባትሪ ሂሳብ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ።