በነጠላ ሥር የተሸፈነው እብጠት፦ ሴቶች ስለ ጡታቸው ሕመም የማይናገሩት ለምንድን ነው?

በአማርኛ ጡት የከበረ ቃል ነው። ውለታ የረሳ ሰው «የእናት ጡት ነካሽ» ይባላል። በቀደመው ዘመን በደም የማይዛመዱ ሰዎች «የጡት አባት» እና «የጡት ልጅ» ተባብለው በመሐላ ይተሳሰሩ ነበር። የዝምድናና የአደራ ምልክት የሆነው ይኸው የአካል ክፍል በታመመ ጊዜ ግን ስሙን መጥራት ያሳፍራል። ጤና ጣቢያ ደርሳ እንኳ «ደረቴን ያመኛል» ብላ የምትመለስ እናት አለች።

ይህ እፍረት ሕይወት ያስከፍላል። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በዓለም ዙሪያ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች በሽታው ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ የሚሆኑት ደግሞ ሞተዋል። በአገራችን ችግሩን የሚያባብሰው አብዛኞቹ ታካሚዎች ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መሆኑ ነው።

የዝምታው ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት እብጠቱ በአብዛኛው አለማመሙ ነው። ውኃ የምትቀዳ፣ እንጨት የምትለቅም፣ ልጅ ያዘለች ሴት ያላመማትን ነገር እንደ በሽታ አትቆጥረውም። አጨዳው እስኪያልፍ፣ ከዚያም ውቂያው እስኪያበቃ እያለች ወራት ይነጉዳሉ።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ጡቴ ቢቆረጥ ባሌ ይፈታኛል፣ ጎረቤት ይጠቋቆምብኛል፣ ሴትነቴ ይጎድላል የሚለው ሐሳብ ከበሽታው በላይ ያስጨንቃል። ሦስተኛው «ብረት ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ወሬ ነው። እውነቱ ግን ለምርመራ በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያሰራጭም። ወሬው የጸናው ብዙዎች ዘግይተው በመታከማቸው፣ ከሕክምና በኋላ የሞቱትን ሰዎች ሕክምናው የገደላቸው ስለሚመስል ነው። ጸበል የምትጠመቅ ሴትም ሕክምናዋን ጎን ለጎን መከታተል ትችላለች።

ከዕድሜ ጋር የሚመጡ ለውጦች

ጡት ከዕድሜ ጋር ይለዋወጣል፤ ለውጡ ሁሉ በሽታ አይደለም። ጡት ማጎጥጎጥ የጀመረች ልጃገረድ አንዱ ከሌላው ቢበልጥባት ትደነግጣለች፤ ትከሻዋንም አጉብጣ ትሄዳለች። መጠነኛ አለመመጣጠን ግን የተለመደ መሆኑን እናቷ ብትነግራት ጭንቀቷ ይቀልላል። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡት መጠጠሩና ማመሙም እንዲሁ የተለመደ ነው።

የወለደች እናት የምታውቀው ሌላ ነው። ጥጃ እንገር ካልጠባ እንደማይጠነክር አርሶ አደር ያውቃል፤ በአንዳንድ ቤት ግን የእናት እንገር «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይደፋል። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል በመሆኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥባት እንዲጀምር ይመከራል።

የምታጠባ እናት ጡት ቀልቶና ግሎ ካበጠ፣ ትኩሳትም ካለው፣ ወተቱ በመጠራቀሙ ወይም በጀርም የመጣ ቁስለት ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ማጥባቱን መቀጠል ይጠቅማል፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒት ማግኘትም ያስፈልጋል። ከመድኃኒቱ በኋላ ያልጠፋ እብጠት ግን «ወተት ነው» ተብሎ መተው የለበትም።

የሚያሠጉ ምልክቶች

በጡት ወይም በብብት ውስጥ የማይጠፋ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ቀድሞ ያልነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መውጣትና የማይድን ቁስል ፈጥኖ መታየት አለበት። የወር አበባ የምታይ ሴት ደሙ ከቆመ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ የወር አበባዋ የተቋረጠ ደግሞ በየወሩ በወሰነችው ቀን ጡቷን ብትዳስስ አዲስ ለውጥን ትለያለች። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፤ ይህን የሚያረጋግጠው ግን ምርመራ ብቻ ነው። ወንዶችም በጥቂቱ በዚህ በሽታ ይያዛሉ።

ወዴት ይኬዳል?

መንገዱ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይጀምራል። እርሷን በቤቷ ወይም በጤና ኬላ ለብቻ ማነጋገር ይቻላል። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ቢጠብቁ መብታቸውን አያጡም።

ሕክምናው እንደ በሽታው ደረጃና ዓይነት ቀዶ ሕክምና፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ጨረር ወይም ለዓመታት የሚዋጥ ኪኒን ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ጡቱን ሳይቆርጡ እብጠቱን ብቻ ማውጣት የሚቻልበት ዕድል አለ። የምትፈራውን መቆረጥ ይበልጥ የሚያቀርበው እንግዲህ መዘግየቱ ራሱ ነው። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማና ሐረርም ጀምረዋል።

የባልና የቤተሰብ ድርሻ

የላሙ ግት አብጦ ያየ ገበሬ ሳይውል ሳያድር የእንስሳት ሐኪም ይጠራል፤ ይህን ለማድረግም አያፍርም። በዚያው ቤት የእናትየው እብጠት ዓመት ሲሞላው የሚጠይቃት ሊጠፋ ይችላል። በብዙ ቤት የመጓጓዣውን ገንዘብ የሚያወጣውና ከብት ለመሸጥ የሚወስነው ባል ነው። ስለዚህ «ምን ሆነሻል? አብረን እንሂድ» የሚለው ቃሉ ከመድኃኒቱ ይቀድማል። የጎረቤት ሴቶችም በቡና ላይ ጉዳዩን በስሙ ጠርተው ቢነጋገሩበት፣ የፈራችው ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች።